በግራዬ በኩል የተባለው

ሰኞ 3

ዛሬ የድምፅ መቅጃውን ክፍሌ ውስጥ ገጠሙት። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ነገር ናት፤ መጻሕፍት መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁላችንንም ታዳምጣለች። የሚጠናው የሥነ ልቦና ሐኪምና ታካሚ ሲነጋገሩ በመካከላቸው የሚሆነው ነገር ነው። ታካሚው አንድ ነገር ሲል ሐኪሙ ስንት ሰከንድ ይቆያል? ቃሉን ያነሳዋል ወይስ ያልፈዋል? ይጠይቃል ወይስ "እህ" ብሎ ዝም ይላል? ይህን ሁሉ እየሰማች የምትጽፈው ከዩኒቨርሲቲ የተላከች ልጅ ናት። ወረቀቷ ላይ ሰከንድ እንኳ በነጥብ ተከፋፍሎ ስላየሁ በልቤ "ባለ ሰከንዷ" ብያታለሁ።

ከክሊኒኩ ሐኪሞች አራታችን ፈቅደናል፤ ታካሚዎቹም ፈርመዋል። ኃላፊያችን ከልጅቷ ጋር ሲያስተዋውቀኝ "የዝምታ መምህራችን ናቸው" አላት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሳዳምጥ ኖሬ አሁን ሰከንድ ቢቆጠርብኝ ምን ቸገረኝ።

ልጅቷ ቁም ነገረኛ ትመስላለች። ጉድለቷ ስታወራ አፏን በእጇ መሸፈኗ ነው። የዛሬ ልጆች ድምፅ ይቆጥባሉ፤ ለማን እንደሚያስቀምጡት እንጃ።

ሐሙስ 6

ከሰዓት በኋላ ዝናብ። እኛ ያለነው የሕንፃው መጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፤ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ሲዘንብ ማን ይሰማል?

ባለ ወፍጮው መጣ። ከሁለት ወር በፊት እጁን ይዛ ያመጣችው ሚስቱ ናት። አርባ ያልሞላው፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጉልበቱ የሚያወራ ሰው ነው። አምና ታናሽ ወንድሙ ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ ሞተ። ሁለት ወፍጮ አላቸው። አንደኛው እየፈጨ ሳለ የሁለተኛው ቺንጋ፣ ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ወለቀ፤ ታናሽየው ሥሩ ገብቶ ሲጠግን ታላቅየው የጨረሰ መስሎት ሞተሩን አስነሳው። "በዚያ ጩኸት ማን ሊሰማው ይችላል?" ይላል ሰው ሁሉ። ፖሊሱም፣ ጎረቤቱም፣ ሚስቱም። እኔም ብዬዋለሁ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቁልፉን ይዞ ይሄዳል፤ ከፍቶ ይቀመጣል፤ ሲመሽ ዘግቶ ይመለሳል። አንድ ፍሬ እህል አልፈጨም።

ዛሬ ከወትሮው ብዙ አወራ። ሲጨርስ "ጥሩ ነው፣ ይበርቱ" አልኩት። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝና መልሶ ደፋ።

እሑድ 9

ከባለቤቴ ጋር ተኳርፈናል። ያኮረፈው እሱ ነው። ጥርሱን ካስነቀለ ወዲህ ከሚናገረው ግማሹ አፉ ውስጥ ይቀራል። እህቱ ዛሬ ለምሳ እንደምትመጣ ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ ይላል። እኔ አንድም ጊዜ አልተነገረኝም። ሴትየዋ በሩን ስትቆረቁር ፀጉሬን ታጥቤ በፎጣ ጠቅልዬ ነበር፤ በሩንም የከፈተው እሱ ነው። ሲያስተናግድ ዋለ፤ እኔን ሳያየኝ ዋለ። ማታ ዕቃ ሳጥብ "ጆሮ ዳባ ልበስ ትይና መልሰሽ ትቆጫለሽ" ሲለኝ ግን ጥርት ብሎ ሰማሁት። መናገር ሲፈልግ ይችላል ማለት ነው።

ሐሙስ 13

ሦስት ታካሚ በተከታታይ። አንገቴ ደረቀ። ማዳመጥ እንዲህ ያደክም ነበር? ባለ ወፍጮው እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር በግራዬ በኩል። አጎንብሶ አጎንብሶ ወለል ሊነካ። አላቋረጥኩትም። መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው።

ረቡዕ 19

ወደ ሠራተኞች ክፍል ልገባ በሩ ጋ ስደርስ የመዝገብ ቤቷ ሴት ድምፅ ሰማሁ። "ሰላም ስላቸው አይመልሱም። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይኮራ የለ?" ስለ ማን እንደሆነ ገብቶኛል። ሳልገባ ተመለስኩ።

እኔ ኩሩ ነኝ? ለዚያች ሴት ልጇ ሲታመም መድኃኒት ያፈላለግኩት እኔ ነኝ። ነገ ገና ከሩቅ ሰላም እላታለሁ።

ሐሙስ 20

ባለ ወፍጮው። ዝናብ። እንደ ባለፈው።

የመዝገብ ቤቷን ሴት ሰላም አልኳት። አንድ ነገር አለችኝ፤ ሳቅኩላት። ፊቷ ተለዋወጠ። በኋላ ከጽዳት ሠራተኛዋ እንደሰማሁት አክስቷ ሆስፒታል መግባቷን ነበር የነገረችኝ።

ማክሰኞ 25

ልጄ ደወለች፤ የምትሠራው ሌላ ከተማ ነው። በመካከል "እማዬ፣ ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮሽ አዙሪው" አለችኝ። አዞርኩት። ተሻለ። ስልኩ አርጅቷል፤ የግራው በኩል ሳይሞት አይቀርም።

ስልክ ግራና ቀኝ የለውም። ይህን አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት። ለማንኛውም ደክሞኛል።

ሐሙስ 27

ወንበሮቹን አለዋወጥኩ። ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል ብዬ ታካሚው በቀኜ እንዲሆን አደረግሁ። ጠዋት የመጡት ሁለቱ ምንም አላሉም፤ እንዲያውም ሥራው ቀለለኝ።

ባለ ወፍጮው ግን ገብቶ ቆመ። ወንበሩን አየ፣ መስኮቱን አየ። "እዚያኛው ይሻለኛል፣ ካላስቸገርኩ" አለና ራሱ አንስቶ ወደ ድሮ ቦታው መለሰው። ሰው የለመደውን ጥግ ይወዳል፤ መተማመን የሚባለው ከዚህ ይጀምራል ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ።

ሐሙስ 4

አንድ ነገር ተበላሽቷል፣ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ባለ ወፍጮው ዛሬ አላጎነበሰም። ሲያወራ ግማሽ ፊቱን አየሁት። የሆነ ነገር ብሎ ዝም አለና ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። ከዚያ "ጥሩ ነው" አልኩት። ሳቀ። የደስታ ሳቅ አይደለም፤ ሰው ደረጃ ሲስት የሚስቀው ዓይነት። ሰዓቱ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ምን ነበር ያለው? ወፍጮ ቤቱን ሊከፍት እንደሆነ መሰለኝ። አዎ፣ እሱ ነው።

ሐሙስ 11

አልመጣም። አልደወለም። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ይሆናል።

ሰኞ 15

ባለ ሰከንዷ ያለ ቀጠሮ መጣች። በሩን ዘጋች። የያዘችው አንድ አቃፊ ነው። ለኃላፊያችን ገና እንዳላሳየች፣ በጥናቱም ውስጥ ቁጥር እንጂ ስም እንደሌለኝ ነገረችኝ፤ ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስታወራ እጇን ከአፏ ላይ አንሥታ ነበር። ቀስ ብላ፣ እኔን እያየች ነው የምትናገረው። ሕፃን የምታናግር ትመስል ነበርና ገና ሳትጨርስ ደሜ ፈላ።

ከሌሎቹ ሐኪሞች ይልቅ የእኔ ዝምታ ይረዝማል አለች። መጀመሪያ ዘዴ መስሏት ነበር። በኋላ ግን የሚረዝመው ታካሚው በግራዬ ሲቀመጥ፣ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግና ዝናብ ሲኖር ሆኖ አገኘችው። ወንበር ባለዋወጥኩበት ጠዋት ከታካሚዎቼ ጋር ያደረግሁት ንግግር ከሌላው ቀን ሁሉ የተለየ ነው፤ ቃላቸውን እያነሳሁ ነበር የምጠይቃቸው። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጆሮዎን ተመርምረው ያውቃሉ?" አለችኝ።

ምን እንዳልኳት ለራሴም መጻፍ አፍራለሁ። ግን ልጻፈው። "ልጄ፣ አንቺ ሰከንድ ትቆጥሪያለሽ እንጂ ሰው አትሰሚም" አልኳት።

ቀላች። አልተነሣችም። ከአቃፊው ሁለት ገጽ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና የባለ ወፍጮው ነው አለች። ጽሕፈቱ ከቅጂው ኋላ ቀርቶ ስለነበር የእሱን የመጀመሪያውን ቅጂ የሰማችው ባለፈው ሳምንት ነው፤ አምስቱንም በአንድ ሳምንት፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብቻዋን። "ለማን ልንገረው? የተነገረው ለእርስዎ ነው" አለች። ያን ጊዜ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። ይህንን ሰምቻለሁ።

ማክሰኞ 16

ወረቀቱን አነበብኩት። ጠዋት ታካሚ ሳይገባ።

ሐሙስ 6። ታካሚ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "ሰምቼው ነበር።" ሁለት ሰከንድ። ሐኪም፦ "ጥሩ ነው፣ ይበርቱ።"

ሐሙስ 13። ታካሚ፦ "ሰምቼው ነበር እኮ።" ስድስት ሰከንድ። ሐኪም፦ "እህ።"

ሐሙስ 20። ታካሚ፦ "ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ።" ሐኪም፦ "እህ። እሺ።"

ሐሙስ 27፣ ሐሙስ 4፤ ያው ቃል። የመጨረሻው ላይ "ጥሩ ነው" ብያለሁ። ከሥሩ "ታካሚው ይስቃል" ተብሎ ተጽፏል።

ከእያንዳንዱ አጠገብ ቁጥር አለ፤ ኮምፒውተሩ የለካው የድምፁ ጉልበት ነው። ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ይሄዳል። ባለ ሰከንዷ በእርሳስ በስሱ አስምራበታለች። ሰውየው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋኝ ነበር።

ሦስት ታካሚ ሰረዝኩ። ለመዝገብ ቤት ራሴን አመመኝ አልኩ።

ረቡዕ 17

ለልጅቷ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ችግር የለም" አለች። ችግርማ አለ። ቀኝ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው ያናገርኳት።

ሐሙስ 18

አልመጣም። ወደ ቤቱ ደወልኩ፤ ሚስቱ አነሳች። ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ይቀመጣል፤ ሁለት ሳምንት ሆነው ከእሷም ጋር አይነጋገርም። "ከእርስዎ ጋር ሲሆን ግን ያወራል አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት?

ስንት ሰው ነው እንዲህ ያለፈኝ? ግድግዳው ሥር ያለውን የመዝገብ መደርደሪያ ማየት አቃተኝ። የሰባት ዓመት መዝገብ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው? ሁለት ዓመት? ሦስት? ሰው "እንደ እርስዎ የሚያዳምጥ የለም" ሲለኝ ሹመት መስሎኝ ተቀበልኩ።

ሰኞ 22

የጆሮ ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እጄን እንዳነሳ ነገረኝ። ለረጅም ጊዜ እጄ ጭኔ ላይ ቆየ። በመስታወቱ በኩል ሳየው እጁ ቁልፉ ላይ ነው፤ ድምፅ እየሰጠኝ ኖሯል። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ትንሽ ነው። ጉንፋን አስመሰልኩት።

የግራው ከግማሽ በላይ ሄዷል። የቀኙም ጀምሯል። አይመለስም፤ መስሚያ መሣሪያ ግን ይረዳል። "ቤተሰብ አልነገረዎትም?" አለኝ። ነግሮኛል፤ ሁሉም በየፊናው ሲነግረኝ ነበር።

ረቡዕ 24

መሣሪያውን አደረግሁ። ወረቀት ይጮሃል። ጫማዬ ይጮሃል። ማቀዝቀዣው ቤት ውስጥ እንዳለ ሰው ያጉረመርማል። ባለቤቴ ትን ብሎት ሲያስል ዘለልኩ።

ራት ላይ "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እንዲህ ማለት ኖሯል?" ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁን አቆመና ሁለት ዓመት ሙሉ ንቄው የተውኩት መስሎት እንደኖረ ነገረኝ። ሲያናግረኝ ፊቴን ወደ መስኮት ስመልስ፣ ያው ሰለቸኋት ይላል። እና ዝም ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ጥርሱን አማሁ። ሰው ሲሰሙ የሚውሉበት ሙያ ይዤ በገዛ ቤቴ።

ለባለ ወፍጮው ደወልኩ። ራሱ አነሣ። ነገ እንዲመጣ ለመንኩት፤ ለመንኩት ነው የምለው። ለረጅም ጊዜ ትንፋሹን ሰማሁ። "እሺ" አለ።

ሐሙስ 25

መጣ። መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሳይጀምር እኔ ጀመርኩ። የግራ ጆሮዬ አይሰማም አልኩት፤ ከነገሩኝ ያመለጠኝ አለ፤ ትልቁ ነገር ነው ያመለጠኝ፤ በወረቀት ተጽፎ አንብቤዋለሁ፣ ግን ማንበብ መስማት አይደለም። ይቅርታ አልኩት። ድምፄ ለራሴ በጣም ጮኸብኝ፤ መሣሪያውን ገና አልለመድኩትም።

እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር።

"ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ" አለኝ። "አባቴ አርባ ዓመት ወፍጮ ላይ ቆሞ ጆሮው ጠፋ። እሱም እንደ እርስዎ የሰው አፍ ነበር የሚያየው። ላልሰማው ነገር ሁሉ መልሱ 'ጥሩ ነው' ነበር።"

ታዲያ ለምን ሌላ ሐኪም አልፈለጉም ብዬ ጠየቅኩት።

"የሚሰማ ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበራ።"

እናም ነገረኝ። ቃሉን አንድ ጊዜ ከአፉ ማውጣት ብቻ ነበር የፈለገው፤ እዚህ በግራዬ በኩል ቢወድቅ ማንም አያነሳውም። አንድ ጊዜ ሲያወጣው ግን አልበቃውም። በሚቀጥለው ሳምንት ጨመር አደረገ። በመጨረሻው ቀን የሰማሁት መሰለው፤ ቀና ብዬ አይቼው ነበርና። ጠበቀ። "ጥሩ ነው" አልኩት። ሰምታ ነው ጥሩ ነው ያለችው ወይስ ሳትሰማ? መንገዱን ሙሉ ሲያሰላስል ቤቱ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ መምጣት አቃተው።

መቅጃውን ላጥፋው ወይ አልኩት። መደርደሪያውን አየና ይቆይ፣ ልጅቷም ትስማው አለ። ተነሣ። ወንበሩን አንሥቶ ዞሮ በቀኜ አስቀመጠው።

"ዝም አይነቅዝም ይላሉ" አለ። "ይነቅዛል፣ ዶክተር። እኔ እህል አውቃለሁ።" ተቀመጠ። "የዚያን ዕለት ጠዋት ተጣልተን ነበር። በማይረባ ነገር፣ በከረጢት። ማን አልቆጠረም፣ ማን ቆጠረ። ኩርፊያ ላይ ነበርን። እጄ ማብሪያው ላይ ሳለ ሲጠራኝ ሰማሁት። ስሜን ነው የጠራው። እንደገና ሊነዘንዘኝ ነው ብዬ አልመልስለትም አልኩ። ይለምነኝ አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠራኝ።"

አፌ ላይ ብዙ ቃል መጣ፤ ሁሉም ሰው ሲለው የኖረው ዓይነት ነበር። ተውኩት። ይህኛው ዝምታ የራሴ ነው።

"ሰምቻለሁ" አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰዓቱ አልቆ ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ እስኪደርስ እንደዚያው ቆየን። ሲወጣ ለሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ ያዘ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጓሮ ነበር። ስሙን ጠራሁት። "አቤት" አለ። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት።

ሰኞ 29

ለኃላፊያችን ራሴ ነገርኩት። ሰማኝና ጡረታዬ ስንት ወር እንደቀረው በዘዴ ጠየቀ። አሥራ አራት ወር። ታካሚዎቼን በግማሽ ቀንሼ ልቀጥል ተስማማን። ያሉኝን ታካሚዎች አንድ በአንድ አስቀምጬ ስለ ጆሮዬ ነገርኳቸው። አብዛኞቹ ሳቁ። አንዲቱ በጣም ተቆጥታ ወጣች፤ መብቷ ነው። ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ አልላክሁትም ገና።

የመዝገብ ቤቷን ሴት አክስትሽ እንዴት ናቸው አልኳት። ሞተዋል።

ሐሙስ 2

ባለ ወፍጮው ለወንድሙ ሚስት ሊነግራት ወስኗል። አትንገራት የሚል ነገር ሊያመልጠኝ ነበር። ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ራሴ ፈራሁ፤ ነገሩ ቢከፋ ከእኔ ክፍል ነው የወጣው። ይህን ለባለ ሰከንዷ ነገርኳት። ስትጽፈው አላየኋትም።

ሐሙስ 9

ነግሯታል። እሑድ ቤቷ ሄዶ በር ላይ እንደቆመ ነገራት፤ ግባ ብትለው አልገባ ብሎ። የሰጠችውን መልስ እንዳለ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት።

የታጠበ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ አስጥታ ጨረሰች። ከዚያ መጥታ ፊቱ ቆመች። "ልጆቹ ሲያድጉ አንተው ትነግራቸዋለህ። እኔ አልነግርልህም" አለችው። እሺ አላት። "እስከዚያ ከቤቴ እንዳትቀር" አለችው። ይህንንም እሺ አላት።

ይቅር አለችኝ ወይስ አላለችኝም ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እሱም እንደማያውቅ ተናገረ፤ ግን ሰኞ ሌሊቱን ተኝቶ አድሯል።

ማክሰኞ ጠዋት ወፍጮ ቤቱን ከፈተ። የመጀመሪያውን ወፍጮ ዘይት አጠጣ፣ ቺንጋውን አጠበቀ። ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ በሩንም ከውስጥ ዘግቶታል። ማብሪያውን ከመንካቱ በፊት ግን "ማን አለ?" ብሎ ተጣራ። ቆሞ አዳመጠ። በወፍጮዎቹ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ እንደገና ተጣራ፣ እንደገና አዳመጠ።

ከዚያ አስነሳው።